በአስፋልት ላይ የተነጠፈ ኮንክሪትና የመጋጠሚያዎቹ ታሪክ

ያረጀን የአስፋልት መንገድ ኮንክሪት በላዩ አንጥፎ የማደስ ሐሳብ የትናንት አይደለም። በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ክፍለ ግዛት በቴር ሆት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 እንዲህ ያለ ሥራ መከናወኑ ተመዝግቧል (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ግን አሮጌው አስፋልት በአብዛኛው የሚቆጠረው እንደ መሠረት ብቻ ነበር። ሸክሙን የሚችለው ኮንክሪቱ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ንጣፉ ወፍራም፣ መጋጠሚያዎቹም እንደ ማንኛውም የኮንክሪት መንገድ የተራራቁ ነበሩ።

ይህን አስተሳሰብ የለወጠው ሙከራ የተደረገው መሐንዲስ በኩራት እንግዳ በማይወስድበት ስፍራ ነው፤ ይኸውም በ1991 በኬንታኪ፣ በሉዊቪል ከተማ፣ ወደ ቆሻሻ መጣያ በሚያስገባ መንገድ ላይ። ምርጫው ግን ብልህነት ነበረበት። በቀን ከ400 እስከ 600 የሚደርሱ የጭነት መኪናዎች በሚዛን እየተመዘኑ ያልፉ ስለነበር፣ መንገዱ የተሸከመው ክብደት በግምት ሳይሆን በቁጥር ይታወቅ ነበር። የኮንክሪቱ ውፍረት ከፊሉ 5፣ ከፊሉ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ መጋጠሚያዎቹ በአንዳንዱ ክፍል በ1.8 ሜትር፣ በሌላው በ0.6 ሜትር ርቀት ተቆረጡ። ተቀራርቦ የተቆረጠው ክፍል እጅግ ያነሰ ስንጥቅ አሳየ። ምክንያቱም ትንሽ ስላብ ከመታጠፍ ይልቅ ሸክሙን ወደ ታች ያስተላልፋል፤ ከአስፋልቱ ጋር ከተጣበቀ ደግሞ ሁለቱ እንደ አንድ አካል ይሠራሉ። የሙቀት ለውጥ የሚያመጣው የጠርዝ መነሣትም ይቀንሳል።

እንግዲህ ማቀራረብ ሁሉ ይጠቅማል ወደሚል መደምደሚያ መቸኮል ቀላል ነበር። በ1997 በሚኒሶታ የመንገድ ምርምር ጣቢያ፣ ብዙ ተሽከርካሪ በሚተላለፍበት አውራ ጎዳና ላይ የተነጠፉት የሙከራ ክፍሎች ግን ሌላ ነገር አሳዩ። 1.2 በ1.2 ሜትር ሆነው የተቆረጡት ስላቦች ቁመታዊ መጋጠሚያቸው ልክ በጎማ መስመር ላይ ወደቀ፤ መኪናው በየጊዜው የስላቡን ማዕዘን እየረገጠ ሰበረው። 1.5 በ1.8 ሜትር የሆኑት፣ መጋጠሚያቸው በመስመሩ መካከል በመዋሉ፣ ምንም እንኳ ሰፋ ያሉ ቢሆኑ የተሻለ ዘለቁ። ስለዚህ የርቀቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የመጋጠሚያው መዋያ ቦታም የንድፉ ዋና ጉዳይ ሆነ።

የአስፋልቱ የራሱ ስንጥቅም በቀጫጭኖቹ ንጣፎች ላይ ዘልቆ ወጣ። በክረምቱ ብርድ የደነደነው አስፋልት ሲሰነጠቅ፣ በላዩ የተጣበቀውን ቀጭን ኮንክሪት አብሮ ይስባል። ማጣበቁ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ክፍሎች ግን ይህን ተቋቁመዋል።

በ2004 ቀጫጭኖቹ ክፍሎች ተነሥተው፣ 10ና 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባላቸው ተተኩ። ስላቦቹ ሁሉ 1.5 በ1.8 ሜትር ሆነው፣ የግማሾቹ መጋጠሚያ ተደፈነ፣ የግማሾቹ ክፍት ተተወ። በመጋጠሚያው የሚሰርገው ውኃ አስፋልቱን እያላቀቀ ትስስሩን ሲበጥስ፣ ቀጭኑ ስላብ ብቻውን ሊሸከመው ያልታሰበለትን ክብደት ይሸከማል።