የእትብት ዶፕለር ምርመራ

የእትብት ዶፕለር ምርመራ በእትብት ውስጥ የሚፈሰውን የፅንስ ደም ፍጥነት በአልትራሳውንድ የሚለካ ምርመራ ነው። በተለይ የፅንሱ እድገት ሲዘገይ ወይም እናትየዋ በእርግዝና ምክንያት የሚመጣ የደም ግፊት (ፕሪኤክላምፕሲያ) ሲኖርባት ይታዘዛል።

ስያሜው የመጣው ከኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ዶፕለር ነው። ዶፕለር በ1842 እ.ኤ.አ. የሞገድ ምንጭ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ድግግሞሽ እንደሚለወጥ ገለጸ። አምቡላንስ ሲቀርብ ድምፁ የሚቀጥነው፣ አልፎ ሲሄድ የሚወፍረው በዚሁ ምክንያት ነው። በምርመራው ጊዜ ድምፁን የሚመልሱት ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው። ሞገዱ የደሙን ፍሰት በ90 ዲግሪ ካገኘው ምንም ለውጥ ስለማይመዘገብ መርማሪው ማዕዘኑን ማስተካከል አለበት። በስክሪኑ ላይ የሚታዩት ቀይና ሰማያዊ ቀለሞች የፍሰቱን አቅጣጫ እንጂ፣ ብዙዎች እንደሚመስላቸው፣ የኦክስጅንን መጠን አያሳዩም።

እትብት በመደበኛው ሁለት ደም ወሳጅና አንድ ደም መላሽ ቧንቧ አለው። ደም ወሳጆቹ ደምን ከፅንሱ ወደ እንግዴ ልጅ ያደርሳሉ። የፅንሱ ልብ ሲኮማተር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ልቡ ሲላላ ይቀንሳል፣ ነገር ግን ጤናማ እንግዴ ልጅ ደሙን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ፍሰቱ አይቋረጥም። በእንግዴ ልጅ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቧንቧዎች ሲጎዱ ግን ደሙ እንቅፋት ይገጥመዋል። ለምሳሌ ከፍተኛው ፍጥነት በሰከንድ 60 ሴንቲሜትር፣ ዝቅተኛው 30 ከሆነ ጥምርታቸው 2 ነው፤ ዝቅተኛው ወደ 15 ሲወርድ ጥምርታው 4 ይሆናል። ሁለቱም ፍጥነቶች በአንድ ማዕዘን ስለሚለኩ የማዕዘን ስህተት ጥምርታውን አይለውጠውም፤ ቀላል ግን ብልህ ስሌት ነው።

ጉዳቱ ሲበረታ ልብ በሚላላበት ቅጽበት ፍሰቱ ይቆማል፤ ከዚያም ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ ኋላ መመለሱ ፅንሱ ከባድ አደጋ ላይ መሆኑን ያመለክታል። በዚህ ጊዜ ሐኪሞች ያለ ጊዜው መወለድ የሚያስከትለውን ጉዳት በማህፀን ከመቆየት አደጋ ጋር ይመዝናሉ። ውሳኔው ቀላል አይደለም፤ በ28 ሳምንትና በ34 ሳምንት መካከል ያለው ልዩነት ለሕፃኑ ሳንባ ብዙ ነው። ስለዚህ የፅንሱ የአንጎል ደም ወሳጅና የልብ ምቱም አብረው ይታያሉ። ኦክስጅን ሲያንሰው ፅንሱ ደሙን ወደ አንጎል ያደላል።

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ 19 ጥናቶችን ያካተተ ሲሆን፣ ለአደጋ በተጋለጡ እርግዝናዎች ምርመራው በወሊድ አካባቢ የሚከሰተውን የሕፃናት ሞት ከ1.7 ወደ 1.2 በመቶ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ለሁሉም ነፍሰ ጡር በዘልማድ ማድረጉ ግን ይህን ያህል ጥቅም አልታየበትም። ውጤቱ መልካም ቢሆንም እንኳ እንግዴ ልጅ በድንገት ከማህፀን ግድግዳ መላቀቁን አስቀድሞ ሊያስታውቅ አይችልም።