የኃይል ዋጋ መናር በኢትዮጵያ አነስተኛ ንግዶች ላይ ያሳደረው ጫና

የኃይል ዋጋ መናር የሚባለው ንግድ ቤቶች ለመብራት፣ ለናፍጣ፣ ለቤንዚን፣ ለማገዶና ለከሰል የሚያወጡት ገንዘብ ከገቢያቸው ቀድሞ ሲያድግ ነው። በኢትዮጵያ ጫናው በይበልጥ የሚያርፈው በጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የዘርፉ ስትራቴጂ እስከ 5 ሰው የሚያሠራውን ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 የሚያሠራውን አነስተኛ ይለዋል። ወፍጮ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ፀጉር ቤት፣ ብየዳና እንጨት ሥራ ቤት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ የዓለም የነዳጅ ገበያ ሲናጋ የመብራት ሒሳብ ወዲያው አይንርም። ታሪፉም ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሳይነካ ቆይቶ ነበር። ይሁን እንጂ ግድቦቹ የተሠሩበት ብድርና ከውጭ የሚገዛው ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ስለሆነ አሮጌው ዋጋ ወጪውን መሸፈን አቃተው። በታኅሣሥ 2011 በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የሚደርስ ጭማሪ ተጀመረ፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ከጭማሪው ነፃ ሆነ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ማሻሻያ ሥራ ላይ ዋለ።

ጫናው ፍንትው ብሎ የሚታየው በእንጀራ ጋጋሪዎች ዘንድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። በቀን አራት ሰዓት የምትጋግር ሴት 14 ኪሎዋት ሰዓት ትጨርሳለች፤ ለድሃ ቤተሰብ የተተወውን 50 ኪሎዋት ሰዓት በአራተኛው ቀን ታልፈዋለች፣ በ25 የሥራ ቀን ደግሞ 350 ትደርሳለች። ብዙዎቹ ጋጋሪዎች በመኖሪያ ቤታቸው ስለሚሠሩ የሚከፍሉት በመኖሪያ ቤት ታሪፍ ነው። ይህ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ከፍ የሚል እርከን አለው። ሐሳቡ ብዙ የሚያባክነው ሀብታም የበለጠ እንዲከፍል ነበር፤ ከፍ ባለው እርከን ላይ የምትገኘው ግን ልጆቿን በምጣድ የምታሳድግ እናትም ናት። ሦስት አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ሲሆን ደግሞ የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ እርከኑን ያሻቅባል፤ አከራዩም ሒሳቡን በግምት ያካፍላል። የራስ ቆጣሪ የሌለው ነጋዴ የተጠቀመውን ልክ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የነዳጁ ነገር የበለጠ ፈጣን ነው። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ነዳጅ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ሲሆን መንግሥት በዓለም ዋጋና በአገር ውስጥ መሸጫው መካከል ያለውን ልዩነት ለዓመታት ሲደጉም ኖሯል። በ2014 ክረምት ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲቀር ሲደረግ ናፍጣ በአዲስ አበባ በሊትር 49 ብር ገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100 ብርን አለፈ፤ በጥር 2017 ናፍጣ ከ98 ብር በላይ ሆነ። በሁለት ዓመት ተኩል እጥፍ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ገጠር በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ ቤት ጭማሪውን በቀጥታ ይሸከማል። ጎረቤቱ የሆነው ገበሬ የመፍጫ ዋጋ ሲጨመርበት የሚያስፈጨውን እህል ይቀንሳልና ባለ ወፍጮው ያሻውን ያህል አያስከፍልም። በከተማም ጤፉ፣ ዱቄቱና ጣውላው በመኪና ስለሚመጣ አንድ ሊትር ነዳጅ ገዝቶ የማያውቀው ነጋዴ ሳይቀር ጭማሪው ይደርሰዋል።

በሒሳብ ደረሰኝ ላይ የማይጻፍ ሌላ ወጪም አለ፤ የመብራት መጥፋት። በ2011 ግንቦት የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ አገር አቀፍ ፈረቃ እስከመታወጅ ተደርሶ ነበር። በአዘቦቱም ቀን መብራት ሲሄድ የጋጋሪዋ ሊጥ ከልክ በላይ ይኮመጥጣል፣ በያጁ እጁን አጣጥፎ ይውላል፣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሲል ሞተር ይቃጠላል። ጀነሬተር ያለው በናፍጣ ወይም በቤንዚን ይተካዋል፤ ያኔ ኃይሉ ከመስመሩ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይወጣበታል። አነስተኛ ድርጅትን ከጭማሪው ሌላ ይህ መቆራረጥም ይጎዳዋል።

ነጋዴዎቹ በየፊናቸው መላ ይፈልጋሉ። ዳቦ ቤቱ ዋጋውን ሳይነካ ዳቦውን ያሳንሳል፤ ጋጋሪዋ ኃይል በሚበረታበት ሌሊት ትነሣለች፤ ሌላዋ ወደ ማገዶና ወደ ሰጋቱራ ትመለሳለች፤ ጭሱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። የማገዶ ፍጆታን በግማሽ ያህል የሚቀንሰው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ወደ ማገዶ ለተመለሱት እፎይታ ሆኗል።

5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ኃይሉ ምጣዱ ዘንድ የሚደርሰው ግን በየሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ባረጀ ምሰሶና ሽቦ በኩል ነው። ከታሪፉ ጭማሪ የሚሰበሰበው ገንዘብ አስቀድሞ እዚህ ላይ ቢውል፣ ቤታቸው ውስጥ ለሚሠሩ ሴቶችም የራሳቸው ቆጣሪና ለሥራቸው የሚስማማ እርከን ቢወጣላቸው፣ ብዙ ምጣዶች ሥራ ሳይፈቱ ይቆያሉ።