ምጣዱ እስኪሰማ

የሸክላ ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዶ ከሥሩ እሳት የሚነድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ክብ ዕቃ ሲሆን፣ ሊጥ ከመፍሰሱ በፊት ያለው የማጋል ሥራ በታሪክ ጽሑፎች ብዙም ባይነሣም የጋጋሪዋ ሙያ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

ዳያን ላየንስና ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ አርኪዮሎጂስቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ከቅርብ ምሥራቅ ለመጡት ስንዴና ገብስ ሲስማማ፣ ምጣድ ግን እንደ ጤፍ ላሉ፣ ሊጥን አያይዞ የሚያስነሣው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ለሌላቸው የአፍሪካ እህሎች የተመቸ መሆኑን አስረድተዋል። ስስ የጤፍ ሊጥ እንደ ስንዴ ሊጥ ተነፍቶ ስለማይቆም፣ የእንጀራው ዓይን የሚወጣው ሊጡ በጋለ ሸክላ ላይ ሲያርፍ በውስጡ ያለው አየርና እንፋሎት ወደ ላይ ፈንቅሎ ሲወጣ ነው፤ ምጣዱ ሳይሰማ፣ ማለትም በበቂ ሁኔታ ሳይግል፣ ሊጥ ከፈሰሰ እንጀራው ይጣበቃል፣ ዓይኑም ይጠፋል።

አዲስ ምጣድ ደግሞ አስቀድሞ ይሟሻል። ማሟሸት የሚባለው ምጣዱን ቀስ በቀስ እያጋሉ የተወቀጠ ጎመን ዘር እየነሰነሱ በጨርቅ ደጋግሞ ማሸት ሲሆን፣ የዘሩ ቅባት ወደ ሸክላው ሰርጎ ገጹ እስኪጠቁርና እስኪወዛ ድረስ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላም በየጋገራው ምጣዱ በማሰሻ ይታሰሳል።

ይህን ሁሉ እሳት የሚችለውን ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ግን ክብር አላገኙም፤ በጎንደር ዙሪያ ከነበሩት ሸክላ ሠሪዎች መካከል የቤተ እስራኤል ሴቶች ይገኙ ነበር፣ አገሩ በምጣዳቸው እየበላ ቡዳ እያለ ያገላቸውም ነበር፤ ይህ በደል ከምጣድ ታሪክ ሊነጠል አይገባም።

ወፍራም ሸክላ እስኪግል ብዙ ማገዶ ስለሚፈጅ፣ ባለሙያዋ ምጣዱ አንዴ ከሰማላት ለቀናት የሚበቃ እንጀራ አከታትላ ትጋግራለች። በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረችው አዲስ አበባ የማገዶ ችግር በርትቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ እንዲተከል ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም የየቤቱ ምድጃ ፍላጎት ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ ምጣዱን ዙሪያውን ከቦ ሙቀቱ እንዳይባክን የሚያደርገው ምርጥ ምድጃ ተሠርቶ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ቀንሷል።