«ተሸካሚ እግር»፦ ክሪክ ካነሳው በኋላ መኪናውን የሚይዘው መሣሪያ

ክሪክን የማያውቅ ባለመኪና የለም። ቃሉ ከጣልያንኛ መጥቶ ከጎማ፣ ከቡሎንና ከቸርኬ ጋር አማርኛ ውስጥ ከገባ ብዙ ዘመኑ ነው። ከክሪክ ጋር አብሮ መገዛት ያለበት ሌላው መሣሪያ ግን በብዙ ቤት የለም። ሦስት ወይም አራት እግር ያለው፣ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ የብረት መቆሚያ ነው። ከመካከሉ እንደ አስፈላጊነቱ የሚረዝምና የሚያጥር ዘንግ ይወጣል፤ በዘንጉ አናት ላይ የመኪናው አካል የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ራስ አለ። እንግሊዝኛው ጃክ ስታንድ ይለዋል፣ ጋራዥ ውስጥም በአጭሩ «ስታንድ» ይባላል። እኔ «ተሸካሚ እግር» እንዲባል እፈልጋለሁ።

«መደገፊያ» የሚለው ቃል ቀድሞ ይመጣል፤ ነገር ግን አሳሳች ነው። መደገፊያ ሲባል ዋናው ጭነት ክሪኩ ላይ እንዳለ፣ ይሄኛው ለጥንቃቄ ብቻ ከጎን የቆመ ይመስላል። ትክክለኛው አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው። ክሪክ ያነሳል፤ ካነሳ በኋላ ሸክሙን ሙሉ በሙሉ ለእግሩ ያስረክባል። ሰው ከመኪና ሥር በሚገባበት ሰዓት ክብደቱ ያረፈው እግሩ ላይ መሆን አለበት።

ምክንያቱ የክሪኩ አሠራር ውስጥ ነው። በዘይት የሚሠራ ክሪክ እጀታው በተነሳና በወረደ ቁጥር ትንሹ ፒስተን ዘይቱን እየገፋ ወደ ትልቁ ሲሊንደር ያስገባል፤ እዚያ ያለው ሰፊ ፒስተን ግፊቱን ተቀብሎ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ያነሳል። መኪናው አየር ላይ ሲቆም ያቆመው ብረት አይደለም፣ መውጫ ያጣ ዘይት ነው። ዘይቱን የያዙት ደግሞ ጥቂት ጎሚኒዎችና አንዲት የመልቀቂያ ቫልቭ ናቸው። ጎሚኒ ያረጃል፤ ቫልቭ ሥር ቅንጣት ቆሻሻ ሊገባ፣ እጀታውም በስህተት ተነክቶ ሊዞር ይችላል። ተሸካሚ እግር ውስጥ ግን ዘይትም ጎሚኒም የለም፤ ብረት ብረት ላይ ተቀምጦ ነው ክብደቱን የሚይዘው።

ከመኪናው ጋር የሚመጣው፣ እጀታው ሲዞር በቪት የሚከፈተው የመቀስ ቅርጽ ያለው ክሪክ መንገድ ላይ ጎማ ለመቀየር ብቻ የተሠራ ነው። መቀመጫው ጠባብ ስለሆነ በጎን ሲገፋ በቀላሉ ይወድቃል። ቤት ውስጥ ፍሬን ለማየት ወይም ዘይት ለመቀየር የሚሻለው ረጅም እጀታና ጎማ ያለው የወለል ክሪክ ነው። የዚህ ክሪክ ክንድ ቀጥ ብሎ አይነሳም፣ ቅስት እየሠራ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከያዘበት ቦታ ሳይንሸራተት እንዲነሳ ክሪኩ ራሱ ትንሽ ወደ መኪናው መንከባለል አለበት። አፈር ወይም ጠጠር ላይ ትንንሾቹ ጎማዎች ይሰምጣሉ፤ ኮብልስቶን ላይ መጋጠሚያው ውስጥ ገብተው ይያዛሉ። ያን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ክሪኩ ሳይሆን የክሪኩ ራስ ይሆናል፣ ከመኪናው ሥርም ያመልጣል። ብዙ የአዲስ አበባ ግቢዎች ጠጠር ወይም ኮብልስቶን እንደመሆናቸው ይህን ማወቅ ከክሪኩ ዋጋ በላይ ይጠቅማል። ደልዳላ ሲሚንቶ ከሌለ፣ እንዲህ ያለ ወለል እስኪገኝ ሥራውን ማቆየት ነው።

ተሸካሚ እግሮች የሚሸጡት ጥንድ ሆነው ሲሆን ሁለት ዓይነት በብዛት ይገኛል። አንደኛው ዘንጉ ላይ ጥርስ ያለውና መንጠቆ ጥርሱን እየያዘ የሚቆልፈው ነው፤ ሁለተኛው በዘንጉ ቀዳዳዎች ውስጥ ወፍራም የብረት ፒን የሚገባበት። ለቤት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ፒኑ መግባቱ ወይም አለመግባቱ በዓይን ይታያል፣ ጥርሱ ግን በትክክል መያዙን ለማረጋገጥ ጎንበስ ብሎ ማየት ይጠይቃል። ጥርሰኛው ምን ሊያመጣ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ታይቷል። ሃርበር ፍሬይት የተባለው የመሣሪያ መደብር «ፒትስበርግ» በሚል ስም የሸጣቸውን ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን እግሮች እንዲመለሱ ጠርቶ ነበር። የማምረቻ መሣሪያው በማርጀቱ የአንዳንዶቹ መንጠቆ ጥርሱን በበቂ ጥልቀት አይዝም ነበር፤ ክብደት ሲያንቀሳቅሰው ሊላቀቅ ይችላል። በምትክ ከተሰጡት ባለ 3 ቶን እግሮች መካከል አንዳንዶቹም በብየዳ ጉድለት እንደገና ተጠርተዋል። አሜሪካ የምትኖሩና ከዚያ ዘመን የቀረ እግር ጋራዣችሁ ውስጥ ያላችሁ፣ ከመጠቀማችሁ በፊት ላዩ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር ከጥሪው ዝርዝር ጋር አስተያዩ። የምርት ቁጥር የሌለው፣ ብየዳው የተሰነጠቀ ወይም እግሩ የተጣመመ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይገዛ።

የተጻፈው ቶን ለአንድ እግር ይሁን ለጥንዱ ድምር መለያው ላይ ይነበብ፣ ሁለቱም ዓይነት አጻጻፍ አለና። ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ላንድክሩዘር ከሁለት ቶን ይበልጣል። የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፤ አዲስ አበባ ውስጥ አሁን በብዛት የሚታየው አይዲ 4 ሁለት ቶን ያህል ይመዝናል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ እነዚህ መኪናዎች በየግቢው በዝተዋል፣ ስለዚህ አንድ ነገር ይታወቅ፦ ባትሪው ከወለሉ ሥር ሰፊ ቦታ ይዞ የተዘረጋ ነው። ክሪክም ተሸካሚ እግርም ባትሪው ሥር ከገባ ሽፋኑን ይጎዳል፣ የተጎዳ ባትሪ ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ፋብሪካው የፈቀዳቸው የማንሻ ነጥቦች መመሪያው መጽሐፍ ላይ ይገኛሉ፤ በአብዛኛው ከፊት ጎማ ኋላና ከኋላ ጎማ ፊት፣ በበሩ ሥር በሚሄደው ጠርዝ አጠገብ ናቸው።

ሲነሳ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሹ ይግባ ወይም አውቶማቲኩ ፒ ላይ ይሁን። መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች በሁለቱም በኩል ታኮ ይደረግባቸው። ታኮው በተለይ ኋላው ሲነሳ አይዘለል፤ የእጅ ፍሬን በብዙ መኪናዎች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ እነሱ አየር ላይ ከወጡ የእጅ ፍሬኑ መኪናውን ሊያስቆም አይችልም። ጎማ የሚፈታ ከሆነ ቡሎኖቹ ከመነሳቱ በፊት፣ ጎማው መሬት ላይ እያለ ጥቂት ላላ ይደረጉ፤ አየር ላይ ሆኖ በኃይል መታገል መኪናውን ከእግሩ ላይ ሊያወርደው ይችላል።

እግሮቹ ከገቡ በኋላ የክሪኩ ቫልቭ በዝግታ ተከፍቶ መኪናው እላያቸው ላይ ይረፍ። ከዚያ ከጎን በእጅ ገፋ ገፋ ተደርጎ ይፈተሽ፤ መወላወል ካለ ከሥር ከመግባት በፊት ይታወቅ። ክሪኩንም ሳያወጡ መኪናውን ነካ አድርጎ እንዲቆም መተው፣ የተፈታውን ጎማም ከበሩ ጠርዝ ሥር አጋድሞ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። እንደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ባለ ሙቀት የለሰለሰ አስፋልት ላይ የእግሩ ጫፎች ስለሚሰምጡ ሥሩ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ያስፈልጋል።

እባካችሁ፣ ብሎኬት አትጠቀሙ። ብሎኬት ሕንፃ ላይ ጭነት ሲሸከም ስለሚታይ ያስተማምናል፤ ነገር ግን ግድግዳ ላይ ክብደቱ በሰፊው ተከፋፍሎ ነው የሚያርፍበት። መኪና ግን አንዲት ጠባብ ነጥብ ላይ ነው የሚጫነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፣ ሲሰነጠቅም እንደ ብረት ቀስ ብሎ አይጎብጥም፣ በአንድ ጊዜ ይበተናል። ከሥር ላለ ሰው ለመውጣት ጊዜ አይሰጥም። የተደራረበ ድንጋይም እንዲሁ ነው።

ሥራው ሲያልቅ መኪናው በክሪክ ትንሽ ተነስቶ እግሮቹ ይወጣሉ፤ ሕፃናትና መሣሪያዎች ከሥር አለመኖራቸው ታይቶ ቫልቩ በዝግታ ይከፈታል። ቡሎኖቹ የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት ጎማው መሬት ከነካ በኋላ፣ በተርታ ሳይሆን በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ ይፈተሹ።