ከቅኔ ቤት እስከ ጥቁር ሰሌዳ፦ መርጃ በሌለበት ክፍል የእንግሊዝኛ ቃላትን ስለ ማስተማር



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ታሪክ ነው። ነገሩ ብዙዎቻችሁ ወደፊት በየሳምንቱ የምትጽፉት ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ሲሆን፣ ከዕቅዶቹ መካከል የእንግሊዝኛ ቃላት የሚማሩበትን ክፍለ ጊዜ መርጫለሁ። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ አንድ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት በሚካፈልበት፣ ሥዕልም መዝገበ ቃላትም በሌለበት ክፍል፣ መምህሩ የሚያቅደው ምኑን ነው?

ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ ተማሪዬ ነው። መምህር ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩበት የገጠር ትምህርት ቤት ያስረከበኝ ሰሌዳና ጠመኔ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከምንባቡ ሃያ ቃላት አወጣሁ፤ በስተግራ እንግሊዝኛውን፣ በስተቀኝ አማርኛውን ጽፌ ተማሪዎቹ እንዲገለብጡ አደረግሁ። ደብተሩ ሞላ። በሳምንቱ ስጠይቅ ግን ከሃያው በአንዱ እንኳ ዓረፍተ ነገር የሚሠራልኝ አላገኘሁም። ያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አነሣ። ቅኔ ቤት ቆይቶ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የገባ ነበርና በልማዱ «የኔታ» ብሎ ሲጠራኝ ክፍሉ ሣቀ። እርሱ ግን ሳይደናገጥ፣ «ግሱን ነግረውናል፤ የምንቆጥረው መቼ ነው?» አለኝ።

የቅኔ ቤትን ሥርዓት ለማያውቅ ጥያቄው እንግዳ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የግእዝን ቃላት የሚያከማቸው ግስ በሚባለው ትምህርት ነው። መምህሩ ግሱን ከአማርኛ ፍቺው ጋር በቃሉ ያወርዳል፤ ተማሪውም ተቀብሎ ያጠናል። ግሶቹ ግን እንደ እኔ ሃያ ቃላት በዘፈቀደ የተከመሩ አይደሉም። እንደ ቀተለና ቀደሰ ያሉት አርእስት ወይም አለቆች ተብለው ይቆማሉ፤ በእርባታ የሚመስሏቸውም ሠራዊት ተብለው ከሥራቸው ይሰለፋሉ። የአለቆቹ ምርጫና ቁጥር በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ እንደየቤቱ ወግ ሊለያይ ይችላል፤ አንዱን አጥብቆ የያዘ ብዙዎቹን ይመራበታል የሚለው ሐሳብ ግን የጋራ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ግስ ተጠንቶ አይቀመጥም። ተማሪው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ያበጃል፤ ይህን ማበጀት መቁጠር ይሉታል። የቆጠረውንም ቀርቦ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ስለዚህ ትናንት የሰማው ግስ ዛሬ በራሱ አንደበት፣ ማንም ባልተናገረው ነገር ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። የልጁ ጥያቄ ትርጉም ይህ ነበር። እኔ ግሱን አውርጄ፣ ቆጠራውን ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ልሻገር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራኑን ያገኘው ከግብፅ ኮፕቶች ነበር፤ ከውጭ ቋንቋዎቹም ፈረንሳይኛ የቀደመውን ቦታ ይዞ ቆየ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈትም ፈረንሳይኛ ክብሩን አልለቀቀም። እንግሊዝኛ ቦታውን የተረከበው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን የተማረ ሰው አልቆ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለ ነበር አዲሱ የማስተማሪያ ቋንቋ የገባው መምህርም መጽሐፍም በጠፋበት ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መመደባቸው የመምህሩ እጥረት ምን ያህል እንደ ነበር ያመለክታል። እጥረት እንግዲህ የእንግሊዝኛ ትምህርታችን ድንገተኛ ደዌ አይደለም፤ አብሮት የተወለደ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻም አልነበረም። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ማይክል ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ በቤንጋል፣ በዳካ ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛን ይመራ ነበር። ተማሪዎቹ የሚያነቧቸው መጻሕፍት ሊቃውንት እንኳ ከስንት አንዴ በሚጠቀሙባቸው ቃላት የተሞሉ መሆናቸውን ተመለከተ። ምንባቦቹን በተለመዱ ቃላት እንደገና ጻፋቸው፤ አዲሱ ቃልም በታወቁ ቃላት መካከል ተራርቆ እንዲመጣ፣ ከመጣም በኋላ እንዲደጋገም አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው አጠቃላይ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝርም ሁለት ሺህ ያህል ዋና ቃላትን ይዟል። የዝርዝሩ ጥቅም ቃሉን መምረጡ ብቻ አይደለም፤ የአንዱ ቃል ልዩ ልዩ ፍቺዎች እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚዘወተሩ ያሳያል። በ1960 ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ በአስቸጋሪ ሁኔታ እንግሊዝኛን ስለ ማስተማር ጻፈ፤ እዚያ የሚሥለው ክፍል አርባና ሃምሳ ልጆች በአግዳሚ ወንበር ተጣበው የሚቀመጡበት፣ መምህሩም ራሱ ቋንቋውን አቀላጥፎ ላይናገር የሚችልበት ነው። ስንቶቻችን እዚያ ክፍል ውስጥ ተምረናል!

የቅኔ ቤቱን ሊቅና ማይክል ዌስትን ምንም አያገናኛቸውም። አንዱ መንፈሳዊ ቅኔን፣ ሌላው የቅኝ ግዛት ትምህርት ቤትን ያገለገሉ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም መርጃ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ወደ ተመሳሳይ ሥራ ደርሰዋል፦ ጥቂት መምረጥ፣ የተመረጠውን ማደራጀት፣ የተደራጀውን መልሶ መላልሶ ማምጣት። የእኔ ክርክር ይህ ሥራ ራሱ ዕቅዱ ነው የሚል ነው። ሥዕልና ካርድ ይህን ያግዛሉ፤ አይተኩትም።

ተቃራኒው ምስክር ከቅርብ ታሪካችን ይገኛል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ትምህርት ገባ። መሣሪያው ውድ ነበር፤ ሥዕሉም ያማረ። ስክሪኑ ግን ያልገባውን ተማሪ አይጠብቅም፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል። አዲስ ቃል ሲያልፍ መምህሩ አስቁሞ «እስቲ አንተ በለው» የሚልበት ፋታ አልነበረውም። መርጃው ቢትረፈረፍም ቆጠራው እንደገና ቀረ።

ወደ ክፍሌ ልመለስ። ከዚያ ልጅ ጥያቄ በኋላ ሃያውን ቃል ወደ ስድስት ቀነስኩ፤ አንዱን ግስም አለቃ አደረግሁት። የመጀመሪያው አለቃ «ካሪ» ነበር። በሰሌዳው ላይ «ተሸከመ» ብዬ ጽፌው ነበር። ነገር ግን አማርኛችን ልጅን ያዝላል፣ ጠመንጃን ያነግታል፣ ውኃን ይሸከማል፣ ደብተርን ይይዛል፤ እንግሊዝኛው ለሁሉም «ካሪ» ይላል። አንድ ለአንድ የተጻፈው ፍቺ ልጆቹን ከግማሹ ዓለም ዘግቷቸው ኖሯል። አንዲት ልጅ ነጠላዋን ወስዳ እናት ሕፃን እንደምታዝል አሳየች፤ ሌላው ጀሪካን አነሣ፤ ሌላው ዱላውን በትከሻው አደረገ። አርባው ደቂቃ እንዲህ ተከፈለ፦ አምስቱ ያለፈው ሳምንት ቃላት የሚመለሱበት፤ አሥሩ አዲሶቹ በድርጊት የሚታዩበት፤ አሥራ አምስቱ በየወንበሩ ያሉት ልጆች ከራሳቸው ቤት ዓረፍተ ነገር የሚቆጥሩበት፤ ስምንቱ የቆጠሩትን ቆመው የሚነግሩበትና የሚታረሙበት፤ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ለመገልበጥ። ለዚህ ሁሉ የፈጀሁት አንድ ጠመኔ አይሞላም።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ማረም ይገባኛል። ይህን ታሪክ ድኽነትን ለማወደስ የሚጠቅሰው ሰው ይበድላል። ቅኔ ቤት ከተማሪው ብዙ ዓመት ይጠይቅ ነበር፤ ሴት ልጆችን በአብዛኛው በደጁ አስቀርቷል፤ ረኃቡንና ልመናውን የቆሎ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ማይክል ዌስትም ቢሆን መድኃኒት ያደረገው ንባብን ነው፤ ንባብ ደግሞ መጽሐፍ ይፈልጋል። በስድስት ቃላት የተጀመረው ቤት በሁለት ሺህ የሚሞላው ልጁ ብቻውን የሚያነበው ነገር ሲያገኝ ነው። የመምህሩ ብልኃት የመጽሐፉን ዕዳ አይከፍልም፤ ዕዳው የባለበጀቱ ነው።

ዕዳው ቀላል አለመሆኑንም አንርሳ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ዓይነትነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ ቃል ያጣ ልጅ የሚያጣው እንግሊዝኛን ብቻ አይደለም። ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም አብሮ ያጣል፤ የሚያውቀውን ነገር መናገር ስላልቻለ ብቻ ሰነፍ ተብሎ ይቀመጣል። እንዲህ ያሉ ብዙ ልጆችን አስተምሬአለሁ፤ አንዳንዶቹን በዚያ በመጀመሪያው ሳምንት እኔው ራሴ ሰነፍ ብያቸዋለሁ።

ውድ ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ዓመት ለልምምድ ስትወጡ የዕቅድ ቅጹ «የትምህርት መርጃ መሣሪያ» የሚል ዓምድ ይዞ ይጠብቃችኋል። ምንም ከሌለ «የለም» ብላችሁ በእውነት ጻፉ፤ ጉድለቱ መመዝገብ አለበት። ከዚያ በፊት ግን የትኞቹን ቃላት እንደ መረጣችሁ፣ የትኛው አለቃ እንደ ሆነ፣ መቼ ተመልሰው እንደሚመጡ፣ ልጆቹም መቼ እንደሚቆጥሩባቸው ጻፉ። ያ ልጅ ስለ ቆጠራው የጠየቀኝ በዕቅዴ ውስጥ የሚያነበው መልስ ስላልነበረ ነው።