ሁለት ዓይንና አንድ ዓይን

በአማርኛ አንድ ሰው አድልዎ የሌለበት መሆኑን ስንመሰክርለት «ሁሉን በአንድ ዓይን ያያል» እንላለን። በሀገራችን ጥንታዊ ሥዕል ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በዚያ ሁለት ዓይን የጻድቅ፣ አንድ ዓይን የኃጥእ ምልክት ነው። ይህን ሥርዓት የማነሳው ስለ ሥዕል ብቻ ለማውራት አይደለም፤ ያው ልማድ ከብራናና ከገበታ ወጥቶ ወደ ታሪክ አጻጻፋችን ገብቷል ብዬ ስለማምን ነው። የባሌ ደጋ ልጅ በመሆኔም ነገሩ ይበልጥ ይከነክነኛል።

አስቀድመን ሥራውን እንመልከት። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ከተሰበሰቡት ቅዱሳት ሥዕላት መካከል በአንገት የሚንጠለጠሉ፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ የእንጨት ሥዕሎች ይገኛሉ። በእንዲህ ያሉት ሥዕሎች ላይ አንድ ፊት ከአውራ ጣት ጥፍር ላይበልጥ ይችላል። ሠዓሊው በዚያች ቦታ ላይ ቅንድቡን፣ የዓይኑን ቆብና ብሌኑን ማሳረፍ አለበት። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ በሁለት ጫፉ የሾለ ጥቁር መስመር፣ መካከሉ ነጭ፣ በነጩ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ። ነገር ግን ነጥቧ የፀጉር ያህል ከተዛነፈች ቅዱሱ ሸውራራ ይሆናል። ብሌኑ ከላይኛው ቆብ ጋር ሲገናኝ እይታው ይረጋል፤ ከሁለቱም ቆብ ተነጥሎ በነጩ መሐል ከቀረ ግን ፊቱ የደነገጠ ሰው ፊት ይመስላል።

የዓይኑን ከመጠን በላይ መተለቅ አይተው «ሠዓሊዎቹ የሰው መልክ መሳል አያውቁም ነበር» የሚሉ አሉ። ይህ አያስኬድም። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ የነበረውና ሥራው በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ የተገኘው ፍሬ ጽዮን የፊትን ለስላሳነት አሳምሮ የሚያውቅ ሠዓሊ ነበር። ከዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮም የእኛ ሰዎች መርቆሬዎስ ያሉት የቬኒሱ ተወላጅ ኒኮሎ ብራንካሊዮን በሀገራችን ለአሠርት ዓመታት ኖሮ ሥሏል። እንግዲህ ሠዓሊዎቻችን የአውሮፓን ዓይን አይተዋል፤ አይተውም የራሳቸውን አልተዉም። ምክንያቱም የእነርሱ ዓይን ሥራው ማየት ነው። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ከመቶ በላይ በሆኑ የመላእክት ፊቶች ሲሸፈን፣ ከሥሩ የሚቆም ምእመን እንዲታይ እንጂ እንዲያይ ብቻ አልተፈለገም።

ከዚህ የተነሣ ሥርዓቱ ግልጽ ነው። ቅዱሳን ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው በሁለት ዓይን ያዩናል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ የሰማዕታት ገዳዮች በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ይኖራቸዋል። ልማዱ በየዘመኑ እኩል አልተጠበቀም፤ ይሁን እንጂ በኋለኞቹ መቶ ዓመታት ጸንቶ ከቤተ ክርስቲያን ደጅም ወጥቷል። የዓድዋን ባህላዊ ሥዕል ልብ ብሎ የተመለከተ ያውቀዋል። በ1888 ዓ.ም. የተፋለሙት ሁለት ጦሮች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ኢትዮጵያውያኑ በሁለት ዓይን ያያሉ፣ ጣሊያኖቹ ባለ አንድ ዓይን ናቸው። ሠዓሊው በአንዲት ነጥብ ፍርድ ሰጥቷል።

ለወራሪ ይህ ፍርድ አልበዛበትም እንበል። ጥያቄው የሚከብደው ጎንና ፊቱ በሚያከራክር ሀገር ነው። ጎባና ሮቤ በአሥራ አራት ኪሎ ሜትር ያህል የተራራቁ ከተሞች ናቸው፤ በሁለቱም የቅዳሴው ድምፅና አዛኑ አብረው ይሰማሉ። የዚህ ምድር ጥንታዊ ታሪክ ግን የደረሰን በጎን ተስሎ ነው። ዐረብ ፈቂህ የ16ኛውን መቶ ዘመን የባሌ ዘመቻ «ፉቱህ አል ሐበሻ» በተባለው መጽሐፉ ሲተርክ ሁለቱን ዓይን የሰጠው ለኢማም አሕመድ ወገን ነው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ደግሞ ዓይኖቹን በተራው አዛውሮ ለንጉሡ ወገን ሰጥቷል።

ኦሮሞም በግዕዝ ጽሑፍ በሰፊው ብቅ ያለው በዚሁ ምድር አፋፍ ላይ ነው። መነኩሴው አባ ባሕርይ በ1580ዎቹ ዓ.ም. በጻፉት አጭር ድርሰት፣ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ወንዝ ተሻግረው ወደ ባሌ ድንበር የመጡትን ይተርካሉ። መግቢያው ገና ከመነሻው ስለ ጭካኔ ያወራል፤ ፊቱ በጎን ተስሏል። ይሁን እንጂ አባ ባሕርይ እዚያ አላቆሙም። የገዳውን ሥርዓት፣ የአባ ገዳዎችን ተራና የዘመቻቸውን ቅደም ተከተል በጥንቃቄ መዘገቡ። ወደ መጨረሻም ብዙ ሆነን ሳለን ለምን ተሸነፍን ብለው ጠየቁ፤ የራሳቸውን ወገን በአሥር ክፍል ከፍለው የሚዋጋው አንዱ ብቻ መሆኑን ቆጠሩ። ለእኔ ይህ ጠላት ተብሎ ለተሳለ ፊት ሁለተኛውን ዓይን የመሳል ጅማሬ ነው። ጠላትን ለመረዳት ሲሉ የራስን ጉድለት ማየት ግድ ሆነባቸው።

ዛሬ በየቤቱ የተሰቀለው ሥዕል በአብዛኛው ማተሚያ ቤት ያወጣው ነው፤ ዓይኑ የውሃ ብልጭታ ያለው፣ ወደ ሰማይ የቀና፣ ሥጋና ደም የሚመስል የአውሮፓ ዓይን ነው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ሰውን በተፈጥሮው ልክ መሳል አስተማረ። በዚያ ትምህርት በጎን የተሳለ ሰው ኃጥእ አይደለም፤ ሁለተኛው ዓይኑ ከማናየው በኩል እንዳለ የታወቀ ነው።

ስለዚህ የጥንቱን ሥዕል በአዲስ ቀለም አንደምስሰው፤ ሕጉን አውቀን፣ ዓይኑን እንዳለ እንጠብቀው። የታሪክ ጸሐፊ ግን ብዕሩን ሲያነሳ የማናየው ዓይን መኖሩን አይርሳ። በጎን የተሳለው ሰውዬ ከወዲያ በኩል የሚያየው ሌላ ነገር አለ፤ የባሌ ታሪክ ግማሹ የቀረው እዚያ ነው።