ማገዶና ጉድፍ በአዲስ አበባ ታሪክ

የከተማ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ አደባባዩ ብዙ ይወሳል። ነዋሪው እንጀራውን የሚጋግርበት እንጨት ከየት እንደሚመጣ፣ አመዱና ጉድፉም የት እንደሚደፋ ግን እምብዛም አይነገርም። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ በልጅነቷ ፈርሳ እንድትቀር ያሰጋት የጠላት ጦር ሳይሆን የማገዶ እጦት ነበር።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ቤተ መንግሥቱ፣ ሠራዊቱና በዙሪያው የሰፈረው ሕዝብ የአካባቢውን ጽድና ወይራ ለምድጃና ለቤት ሥራ ጨረሰው። ማገዶ ሲያልቅ ድንኳን ነቅሎ ወደ ሌላ ሥፍራ መሄድ የነገሥታቱ ሠፈር የኖረ ልማድ ነውና፣ ዳግማዊ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ግንባታ አስጀመሩ። ሐሳቡ ግን አልጸናም፤ በዚያ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከተማይቱን ከሥፍራዋ ያጸናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ የሚያድግ፣ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ የእንጦጦን ተዳፋት አለበሰ። ነገር ግን ዛፉ በራሱ ከተራራ ወርዶ ምድጃ አይገባም። ቅጠሉንና ጭራሮውን እየጠረጉ፣ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ የደን ጠባቂን ዱላ እየፈሩ ቁልቁለቱን የወረዱት ድኆች ሴቶች ናቸው። የከተማው ምጣድ ለረጅም ዘመን የጋለው በእነርሱ ጉልበት ነው።

የጉድፉም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ቀድሞ አመዱ ወደ ጓሮ ይደፋ፣ ትርፍራፊውን ሌሊት ውሻና ጅብ ይቃረመው፣ የተረፈውን የቀበናና የባንቱይቀጡ ወንዞች ይወስዱት ነበር። ሕዝቡ ሲበዛ ይህ አልበቃም፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ በደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ በረጲ፣ ሕዝቡ «ቆሼ» ያለው መጣያ ተከፈተ። ዓመታት ሲያልፉ ጉድፉ ተራራ አከለ፤ ዳርቻ የነበረውም ሥፍራ የመኖሪያ መንደር ሆነ። ብረቱን ከጠርሙስ፣ ጠርሙሱን ከላስቲክ እየለዩ የሚተዳደሩ ሰዎች ከግርጌው ጎጆ ቀለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ቀበረ።

በ2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ ቆሻሻን አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ከምድጃ የወጣው ጉድፍ ራሱ ማገዶ ይሆን ዘንድ ታሰበ ማለት ነው። የሐሳቡ መልካምነት አያጠራጥርም። ሆኖም በታሪካችን እንዳየነው ችግሩ በብልሃት በተቃለለ ቁጥር የሚወሳው ዛፉ ወይም መሣሪያው እንጂ ሸክሙን የተሸከመው ሰው አይደለም። ባሕር ዛፉን ያስመጣው ንጉሥ በመጻሕፍት ስሙ ይነሣል፤ እንጨቱን ያወረደችው ሴት ግን ስም የላትም።

ስለዚህ የከተማይቱን ታሪክ የሚያስተምር መምህር፣ በሸራ የሚያሰፍር ሠዓሊ፣ በመድረክ የሚያቀርብ ጸሐፌ ተውኔት፣ የእንጦጦን ቁልቁለትና የረጲን ግርጌ በአደባባዮቹና በሐውልቶቹ ልክ ሊመለከታቸው ይገባል።